ፎቶ አንሺው ያላሰበው ምስክርነት



ሰው የታየበት የመጀመሪያው ፎቶግራፍ ተብሎ ዘወትር የሚጠቀሰው፣ ፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር እ.ኤ.አ. በ1838 በፓሪስ ከፎቅ መስኮት ሆኖ ያነሳው የጎዳና ምስል ነው። ጎዳናው ቡልቫር ዱ ታምፕል ይባላል። ቲያትር ቤቶች የተደረደሩበት፣ ሠረገላና እግረኛ ቀኑን ሙሉ የሚተራመስበት ሰፈር ነበር። በፎቶው ላይ ግን ጭር ብሏል። ዛፎቹ፣ የፎቆቹ መስኮቶች፣ የጭስ መውጫዎቹ ሳይቀሩ ጥርት ብለው ይታያሉ፤ የሰውና የፈረስ ግርግር የለም። በዚያን ጊዜ ብርሃን በሰሌዳው ላይ ምስል ለመቅረጽ ደቂቃዎች ይፈጅበት ስለነበር የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ምልክት ሳይተው አለፈ። ከመንገደኛው ሁሉ በግልጽ የቀረው አንድ ሰው ነው፤ ቆሞ፣ እግሩን አስቀድሞ፣ ጫማውን የሚያስጠርግ። ሊስትሮው ራሱ ጎንበስ ቀና ስለሚል ደብዝዞ ነው የሚታየው። በማግስቱ ዓመት ምስሉን ያየው አሜሪካዊው ሳሙኤል ሞርስ፣ የቴሌግራፉ ሰው፣ በዚህ ነገር ተገርሞ ወደ አገሩ ጽፎ ነበር።

በዚህ ምስል የጀመርኩት የፎቶግራፍን ብርታትና ድካም ባንድ ላይ ስለሚያሳይ ነው። ዳጌር ሊያነሳ ያሰበው ጎዳናውን ነበር። ስለ ጎዳናው ግን ፎቶው አሳስቶናል፤ የተጨናነቀውን ሰፈር ምድረ በዳ አስመስሎታል። ስለ ጫማ አስጠራጊው ማንም ምስክርነት አልጠየቀውም ነበር፤ ያልተጠየቀውን ግን በትክክል መሰከረ። በ1830ዎቹ ፓሪስ ውስጥ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ጫማውን ያስጠርግ እንደነበር፣ ሥራው ደቂቃዎች የሚወስድ እንደነበር፣ ባለጫማው እንደቆመ ጠራጊው ዝቅ ብሎ ይሠራ እንደነበር ዛሬ እናያለን። ላስረዳችሁ የምፈልገው ሐሳብ ይኸው ነው፦ የድሮ ፎቶግራፍ ስለ ተራው ሰው ኑሮ የታመነ ምስክር የሚሆነው በአብዛኛው ፎቶ አንሺው ሊያሳየን በፈለገው ነገር ሳይሆን ከምስሉ ሊያስወጣው ባልቻለው ወይም ጭራሽ ልብ ባላለው ነገር ነው። ምስክርነቱን ለመስማት ደግሞ ካሜራው በዘመኑ ምን ማየት ይችል እንደነበርና ምን እንደማይችል አስቀድሞ ማወቅ ግድ ይላል።

እንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር ምን ይረባል የሚል ይኖራል። ስለ ጥንቱ ኑሮ የምናውቀውን ከየት እንዳገኘነው ብናስብ መልሱ ቅርብ ነው። ዜና መዋዕሎቻችን የነገሥታቱን ዘመቻ፣ ሹም ሽሩን፣ የተተከለውን ደብር ይዘግባሉ። የውሃ ቀጂዋ እንስራ በጀርባዋ ላይ በምን እንደታሰረ፣ የጎጆው ሣር ክዳን እስከ የት ድረስ ዝቅ እንደሚል፣ ጤፍ ሻጩ በምን እንደሚሰፍር ጸሐፊው አልጻፈም። ለማን ብሎ ይጽፈዋል? አንባቢው ሁሉ በየቀኑ የሚያየው ነገር ነበር። ሽማግሌዎች የሚነግሩን ታሪክም ቢሆን ያልተለመደውን፣ ረሃቡን፣ ጦርነቱን፣ የታላቁን ሰው ሠርግ አጥብቆ ይይዛል እንጂ የማክሰኞን ከሰዓት በኋላ አይዝም። ካሜራ ግን ለተለመደው ነገር ንቀት የለውም። ራስ እገሌን ለማንሳት የተዘረጋው ሌንስ ከራስ እገሌ ኋላ ያለውን አጥር፣ ከአጥሩ ሥር የተኛውን ውሻ፣ በአጥሩ ላይ የተሰጣውን ልብስ እኩል ይቀበላል።

እኩል ይቀበላል ማለት ሁሉን ይቀበላል ማለት አይደለም። በአገራችን ከተነሱት ቀደምት ፎቶግራፎች መካከል በ1860 ዓ.ም. ከጄኔራል ናፒየር ጋር ወደ መቅደላ የዘመቱት የእንግሊዝ መሐንዲስ ጦር ባልደረቦች ያነሷቸው ይገኛሉ። በዚያ ዘመን የነበረው አሠራር ዛሬ ሲነገር እንኳ ያደክማል። መስተዋቱ በኬሚካል ይቀባል፤ እርጥብ እንዳለ ካሜራ ውስጥ ይገባል፤ ሳይደርቅ እዚያው በጨለማ ድንኳን ውስጥ ይታጠባል። ይህ ሁሉ በሩብ ሰዓት ገደማ ማለቅ አለበት። ስለዚህ ፎቶ አንሺው ድንኳኑን፣ ጠርሙሶቹንና የመስተዋት ሣጥኖቹን በአጋሰስ አስጭኖ ካልሄደ ሥራ የለም። እንዲህ ባለ መሣሪያ ውጊያ አይነሳም፤ ሩጫ፣ ጭፈራ፣ የገበያ ወከባ አይነሳም። የሚነሳው ገደል፣ ሰፈር፣ ድንኳን፣ እንዲሁም አትነቃነቁ ተብለው የተደረደሩ ሰዎች ናቸው። ከዘመቻው የቀሩት ፎቶዎች ጸጥ ያሉት ዘመቻው ጸጥ ያለ ስለነበረ አይደለም። የድሮ ሰው ኮስታራ ነበር፣ አይስቅም ነበር እየተባለ በየአልበሙ ላይ የሚሰጠው ፍርድም ከዚሁ ስሕተት የሚመነጭ ነው። ፈገግታን ለብዙ ሰኮንድ ሳይነቃነቁ መያዝ አይቻልም፤ ካሜራው ከፈጠነ በኋላም ቢሆን ሰዉ ለፎቶ መቆምን ለሹመት እንደመቆም የሚያየው የክብር ጉዳይ ስለነበር ፊቱን አጠንክሮ ቆመ። የኮስታራነቱ ምክንያት ግማሹ ኬሚስትሪ፣ ግማሹ ወግ ነው፤ የሰዎቹ ጠባይ በዚህ ውስጥ የለበትም።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይመጣል። ፎቶ ሁሉ ድርሰት ከሆነ፣ ሰዉ ተሰልፎ፣ ለብሶና ተዘጋጅቶ ከቆመ፣ እንዴት ማስረጃ ይሆናል? ተቃውሞው ጠንካራ ነው፤ እኔም ጠንካራ ምሳሌ ልጨምርለት። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ከመቅደላ ተወስዶ እንግሊዝ አገር በደረሰበት ዓመት፣ ገና የ7 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በዋይት ደሴት ትኖር የነበረችው ስመ ጥር ፎቶ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን አንስታዋለች። ከልጁ ጋር የቆመው ሞግዚቱ ካፒቴን ስፒዲ የኢትዮጵያውያንን ልብስ ለብሷል። ምስሉን ብቻ ይዞ የኢትዮጵያን አለባበስ ላጥና የሚል ሰው እንግሊዛዊ መኮንን በሸማ ተከናንቦ ያገኛል። መካከሉ ላይ ያለው ነገር በሙሉ የተደገሰ ነው። ታዲያ ይህ ፎቶ ከንቱ ነው? አይደለም። ስለ ጎንደር ወይም ስለ መቅደላ ኑሮ የሚነግረን ጥቂት ነው፤ ስለ ቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዞች ግን ብዙ ይናገራል። ወላጆቹን በዚያው ዘመቻ ዓመት ያጣን ሕፃን የሩቅ አገር ጌጥ አድርጎ ማየት ለእነሱ እንግዳ ነገር እንዳልነበረ ያሳያል። መደገሱም የዘመኑ ኑሮ አካል ነው። ጥያቄው የሚሆነው ድግሱ የማን ነው፣ ለማን ነው የሚለው ነው፤ ያን ከለየን በኋላ ምስሉን ጥለነው አንሄድም።

ከዚህ ይልቅ የሚያረካው ማስረጃ ያለው በዳር በዳሩ ነው። የአዲስ አበባን ፎቶዎች እንውሰድ። ከተማዋ ከተቆረቆረች ከ1879 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዐሥርት ዓመታት፣ ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የመጡት ዲፕሎማቶች፣ መሐንዲሶችና ነጋዴዎች ግቢውን፣ አዳራሹንና ሰልፉን አንስተዋል። ያሰቡት ንጉሠ ነገሥቱን ነው፤ ኮረብታውን ማንም አላሰበውም። ኮረብታው ግን ከቤተ መንግሥቱ ኋላ አለ፤ ራቁቱንም ነው። በቀደምቶቹ ፎቶዎች ላይ የእንጦጦ ግርጌ ተመልጦ፣ ጎጆዎች በሜዳ ላይ ተበትነው ይታያሉ። ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ በተነሱት ላይ ያው ቦታ በባሕር ዛፍ ጫካ ተውጧል፤ ቤቶቹ በቅጠል መካከል ብቅ ጥልቅ ይላሉ። በእነዚህ ሁለት ምስሎች መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ከተማ የማገዶ ታሪክ ነው። እንጨት ከማለቁ የተነሳ ምኒልክ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ግንባታ አስጀምረው እንደነበር፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ግን ቶሎ አድጎ ከተማዋን ባለችበት እንዳጸናት ከጽሑፍ እናውቃለን። ጽሑፉ የማይነግረንን ፎቶው ይነግረናል፦ ከዛፉ በፊት ሴቶቹ ጭራሮና ኩበት ፍለጋ የሚያልፉበት ሜዳ ምን ያህል ክፍት እንደነበር፣ ከዛፉ በኋላ አጥሩ፣ የቤቱ ማገርና ወጋግራ፣ ቅጠሉን ተሸክማ ከእንጦጦ የምትወርደው ሴት እንዴት እንደመጡ።

ይህ የዳር ምስክርነት ቀን ለሌለው ፎቶ ቀን እስከ መስጠት ይደርሳል። የጣሪያው ሣር በቆርቆሮ መተካት አንድ ምልክት ነው፤ በተለይ በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ከባድ ዕቃ በቀላሉ መግባት ጀመረ። የአራዳው ጊዮርጊስ አደባባይ ሌላ ምልክት ነው። በዚያ ያለው የምኒልክ ሐውልት የተመረቀው በ1923 ዓ.ም. በዐፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ሰሞን ነው፤ ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን ከቦታው ነቀሉት፤ ከነፃነት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። ስለዚህ ሐውልት የሌለበት የአደባባዩ ፎቶ ወይ ከ1923 በፊት ነው፣ ወይ ከወረራው ዓመታት ነው፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አውቶሞቢሎቹና የወታደሮቹ ልብስ ይለያሉ። አውቶሞቢሎቹ ራሳቸው ደግሞ የየትኛውን የመንገድ ወገን እንደያዙ ተመልከቱ። ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ የዞረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። መኪኖች ግራቸውን ይዘው የሚሄዱበት የአዲስ አበባ ጎዳና ከዚያ ቀን በፊት የተነሳ ነው ማለት ነው። ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኔጌቲቩ ተገልብጦ ከታተመ ቀኙ ግራ ይሆናልና፣ ፍርድ ከመስጠት በፊት የሱቁን ማስታወቂያ ፊደል ማንበብ ነው። ፊደሉ በመስተዋት ውስጥ እንደሚታይ ሆኖ ከተገኘ መኪናውም አብሮ ተገልብጧል። የዳጌር ጎዳና ራሱ ግራና ቀኙ የተገለበጠ ምስል መሆኑን በነካ እጄ ልንገራችሁ፤ በእርሱ አሠራር ሰሌዳው በተለምዶ እንዲያ ነበር የሚወጣው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው የበለጠ ስሜት የሚነካ ነው። እስከ ወረራው ዘመን ድረስ ከቀሩልን ፎቶዎች እጅግ የሚበዙት በውጭ ሰዎች የተነሱ ናቸው፤ በወታደር፣ በሚሲዮናዊ፣ በዲፕሎማት፣ በጋዜጠኛ። ያዩን ሊያዩን በፈለጉት መንገድ ነው የሚባለው እውነት ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. ከጣሊያን ጋር የሚደረገው ጦርነት ሲቃረብ የመጣው ፎቶ ጋዜጠኛ አልፍሬድ አይዘንስታት እዚህ ካነሳቸው ሁሉ በዓለም የታወቀው የአንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር ባዶ እግር ነው። ውስጥ እግሩ ተሰነጣጥቆ፣ ጠጥሮ፣ ከቅርብ ሆኖ ይታያል። ፊት የለውም፤ ስም የለውም። ለአውሮፓ አንባቢ መልእክቱ ግልጽ ነበር፦ በአውሮፕላንና በታንክ ሊመታ ያለው ሕዝብ ጫማ የለውም። አዛኝ ዓይን ነው፤ ቢሆንም ሰውን ወደ እግር ያሳጠረ ዓይን ነው። እኔ ግን እግሩን እንደገና እዩት እላለሁ። የተረከዙ ውፍረት፣ የስንጥቁ ጥልቀት የድህነት ምልክት ብቻ ሳይሆን የመንገድ መዝገብ ነው፤ መኪና የሚገባበት ጎዳና በጥቂቱ በነበረባት አገር ስንቅና ጠመንጃ ተሸክሞ ሳምንታት የሚጓዝ ጦር በምን ላይ ይሄድ እንደነበር ይናገራል። አይዘንስታት ለዚህ ብሎ አላነሳውም። የባዕድ ዓይን አድልዎ በብዛት ያለው በምን ላይ እንደሚያነጣጥርና ከምስሉ ሥር ምን ብሎ እንደሚጽፍ ነው። ከሥሩ የተጻፈውን በጥርጣሬ አንብቡ፤ ቆዳው፣ ጨርቁና ድንጋዩ ግን ለአንሺው አገር አይታዘዝም።

ለዚህ መልስ ወሰን እንዳለው መደበቅ አልፈልግም። የመኳንንቱን ፎቶዎች ስናይ ጌታው ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ስሙና ማዕረጉ ከሥር ተጽፏል። በዳር በኩል ጠመንጃ የያዘ፣ ጃንጥላ የዘረጋ፣ የበቅሎውን ልጓም የጨበጠ ሰው ቆሟል፤ አንዳንዴም ግማሽ ፊቱ በፎቶው ጠርዝ ተቆርጧል። ስሙ የትም የለም። ይህ ሰው ደመወዝተኛ ነው? የጭሰኛ ልጅ ነው? ወዶ ገባ ነው? ወይስ ባሪያ ነው? ባርነት በአዋጅ ጨርሶ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነውና ከዚያ በፊት በተነሳ ፎቶ ላይ ጥያቄው ባዶ ጥያቄ አይደለም። ምስሉ ግን አይመልሰውም። ልብሱን ያሳያል፤ የቆመበትን ቦታ፣ ከጌታው ያለውን ርቀት ያሳያል፤ ነፃ መሆንና አለመሆኑ ግን በፊቱ ላይ የተጻፈ ነገር አይደለም። እዚህ ላይ ፎቶው ለውል ደብተር፣ ለፍርድ ቤት መዝገብና ለሽማግሌ ቃል መንበሩን መልቀቅ አለበት። ፎቶ ሰው እንደነበረ ይመሰክራል፤ በምን ግዴታ እንደነበረ አይመሰክርም። ይሁንና ያ በጠርዝ የተቆረጠ ፊት ባይኖር ኖሮ ጥያቄውን የሚያስነሳ ነገር ራሱ አይኖርም ነበር።

ለባዕድ ዓይን ሁነኛው ማረሚያ የራሳችን አልበም ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን፣ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ፣ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። እያደር ካሜራው ከግቢ ወጥቶ ወደ ፒያሳና ወደ የክፍለ ሀገሩ ከተማ ፎቶ ቤት ገባ፤ ያኔ የሚነሳውም የሚከፍለውም ያው ሰው ሆነ። ይህ ለውጥ ትንሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ቪንቴጅ አዲስ አበባ የተባለው መጽሐፍ ከነዋሪዎች አልበም የተሰበሰቡ እንዲህ ያሉ ፎቶዎችን ይዟል፤ ያን የመሰለ ስብስብ ግን በየቤታችን ሣጥን ውስጥ አለ። የፎቶ ቤት ምስል ምን ይመስላል? ከኋላ ፏፏቴ ወይም የአውሮፓ አዳራሽ የተሳለበት መጋረጃ፣ በጎን የላስቲክ አበባ፣ አንዳንዴ የማይደውል ስልክ። ወጣቱ ኮትና ክራቫት አድርጓል፤ ኮቱ የፎቶ ቤቱ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ፎቶ ቤቶች ለደንበኛ የሚያውሱት ነበራቸው። እጅጌውን ግን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ሰዓቱ እንዲታይ ሆን ብሎ ወደ ላይ ሰብስቦታል። ሰዓቱ የራሱ ነው። ኮቱን ተበድሮ ሰዓቱን የገዛ ሰው፣ የወር ደመወዝ የሚበላ፣ በሰዓት የሚገባና የሚወጣ አዲስ ዓይነት ሠራተኛ በከተማ እንደተፈጠረ ከዚህ በላይ ምን ይናገራል? ምኞቱና ይዞታው ባንድ እጅጌ ላይ ተገናኝተዋል።

በዚህ ሁሉ አልበም ውስጥ ግን አንድ ትልቅ ክፍተት አለ፤ እሱም ጓዳው ነው። ክርስትና አለ፣ ሠርግ አለ፣ ምረቃ አለ፣ ሳሎን ውስጥ በዳንቴል ከተሸፈነው ሬዲዮ አጠገብ የተቀመጠ ቤተሰብ አለ። ምጣድ ላይ እንጀራ የምትጋግር እናት ግን የለችም፤ ብትኖርም ከስንት አንድ። የዕለት ኑሮ ትልቁ ሥራ፣ ቡኮው፣ ወጡ፣ ጠላው፣ የልጅ አጠባው፣ ሳይነሳ አለፈ። ምክንያቱ ሲታይ ሦስት ነገር ይደራረባል። ማድ ቤቱ ጨለማና ጭስ ነው፤ ፍላሽ የሌለው ካሜራ እዚያ አይሠራም። ፊልሙ 12 ወይም 36 ፎቶ ነው፤ ገንዘብ ወጥቶበታል፤ ማንም በየቀኑ ለሚያየው ነገር አያቃጥለውም። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ እናቲቱ ራሷ በቀሚስ ካልሆነ በሽርጥ አታንሱኝ ትላለች፤ መብቷም ነው። እንግዲህ ከአልበሙ ብቻ ተነስቶ የ1950ዎቹን ኑሮ የሚጽፍ ሰው ሁሉም ለብሶ፣ ሁሉም ተቀምጦ፣ ማንም ሳይሠራ የሚኖርበት አገር ይጽፋል። ዝምታው ራሱ እንደ ማስረጃ መነበብ አለበት። የማድ ቤቱ አለመኖር ሥራው አለመኖሩን ሳይሆን ሥራው ከክብር ቦታ ውጭ እንደተቀመጠ ያሳያል። ዳሩን የሚያይ ሰው ግን እዚህም ቢሆን ባዶ እጁን አይመለስም፤ በሠርጉ ፎቶ ከድንኳኑ ጀርባ፣ በተከፈተው በር በኩል፣ ጎንበስ ያሉ ሴቶች ትከሻ አልፎ አልፎ ይገኛል።

ትንሿ ጉርድ ፎቶ እንኳ ከታሰበላት በላይ ትናገራለች። ለመታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ለፈተና ወረቀት የተነሳ ሦስት በአራት ፊት ማንም የታሪክ ሰነድ ይሆናል ብሎ አያስብም። በመስቀል አደባባይ አጠገብ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳ ግን በአብዛኛው በእንዲህ ያሉ ፊቶች የተሞላ ነው። ብዙ ቤተሰብ በዚያ ዘመን ደብዳቤና ፎቶ ለፍተሻ እንዳይጋለጥ አቃጥሏል፤ የተረፈው ትንሹ ነው። የተነሱት ለመዝገብ ቤት ነው። ዛሬ ግን ጎፈሬያቸው፣ የሸሚዛቸው ሰፊ ኮሌታ፣ አንዳንዱ ላይ ገና ያልበቀለው ጢም፣ የአንድ ትውልድ ወጣት በ1960ዎቹ መጨረሻ ምን ይመስል እንደነበር፣ ዕድሜውም ስንት እንደነበር ያለ ማብራሪያ ያሳያሉ። ከሟቾች ቁጥር ይልቅ ጢም ያላወጣው አገጭ የበለጠ አስረጂ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

የዘመናችን ተቃውሞ ደግሞ ሌላ ነው። ዛሬ ኮምፒዩተር ያልነበረን ሰው፣ ያልነበረን ገበያ በፎቶ ሊሠራ ይችላል፤ ታዲያ የድሮ ፎቶን ማን ያምናል? ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ ከፍጹም ሐሰተኛው ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን በመልካም ልብ የሚደረገው ማሳመሪያ ነው። በየስልኩ የሚዘዋወሩት ቀለም የተቀቡ የድሮ ፎቶዎች ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ሰሌዳ ሰማያዊን ነጭ አድርጎ፣ ቀይንና ቢጫን ግን አጥቁሮ የሚያይ ነበር። ስለዚህ በዚያ ዘመን ፎቶ ላይ የጠቆረው ጨርቅ ጥቁር ይሁን ቀይ ወይም ቢጫ ከግራጫው ማወቅ አይቻልም። ማሽኑ የካባውን ሐምራዊነት፣ የጥበቡን ቀለም ከየት አመጣው? ገመተ። ባለ ቀለም ፎቶ ሲገኝ ነገሩ ሌላ ነው፤ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1931 ስለ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ በዓል ያወጣቸው ባለ ቀለም ፎቶዎች ለዚህ ይጠቀሳሉ። ማሽኑ ቀለም ብቻ አይጨምርም፤ ቆሻሻውን ያጠራል፣ የደበዘዘውን ዳር ቆርጦ ይጥላል፣ ከኋላ ያለውን ሰው በቅጠል ይሸፍናል። ማለትም ከሁሉ የታመነውን ክፍል ያጠፋል። ለሐሰተኛው ፎቶ መከላከያውም እዚያው ላይ ነው። ሐሰተኛ ሠሪ መካከሉን ያሳምራል፤ የሚጠመደው በዳሩ ነው፤ ባሕር ዛፍ ባልነበረበት ዘመን ባሕር ዛፍ ይተክላል፣ መኪናውን በማይሄድበት ወገን ያስሄዳል።

የመጨረሻው ነገር የፎቶው ጀርባ ነው። ከፊቱ ባላነሰ የሚጠቅም ሆኖ ሳለ ስካን ስናደርግ የምንተወው ጀርባውን ነው። በጀርባው ላይ የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ የመታሰቢያ ቃል፣ አንዳንዴም ዓመተ ምሕረት ይገኛል። ዓመቱ በእኛ አገር ልዩ ጣጣ አለው። 1966 የሚል ቁጥር በእኛ አቆጣጠር ከሆነ የወሎው ረሃብና የአብዮቱ ፍንዳታ ዓመት ነው፤ በአውሮፓውያን ከሆነ 1958 ወይም 1959 ዓ.ም. ነው፤ ገና ንጉሡ በሙሉ ሥልጣናቸው ላይ ያሉበት። በሁለቱ መካከል የቀሚሱ ርዝመት፣ የሱሪው አፍ፣ የኑሮው ጭንቀት ሁሉ ይለያያል። አንድ ቃል፣ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ.፣ ባለመጻፉ ምክንያት ብዙ ፎቶ ከታሪኩ ተፋቷል። በስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እና ወመዘክር የያዙት ስብስብ ጠቃሚ ነው፤ ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒ ዤራር እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት፣ ከ1867 እስከ 1935 የተነሱ የኢትዮጵያ ፎቶዎችን የሰበሰበው መጽሐፍም እንደዚሁ። ይሁን እንጂ እነዚህ ያተኮሩት በአብዛኛው በአደባባዩ ሰው ላይ ነው። የተራው ሰው ኑሮ ማስረጃ በየቤቱ ነው ያለው፤ ማን እንደሆነ የሚያውቁት ሰዎች ደግሞ ዕድሜያቸው እየገፋ ነው።

ስለዚህ በዋሽንግተን ያላችሁም ሆነ በደሴ፣ አልበማችሁን ይዛችሁ ከታላላቆቻችሁ ዘንድ ተቀመጡ። መካከል ላይ ያለውን ሰው ብቻ ሳይሆን በዳር የቆመችው ሠራተኛ ማን ትባል እንደነበር፣ ከኋላ ያለው ሱቅ የማን እንደነበር፣ ኮቱ የማን እንደነበር ጠይቁ። የተጣጠፈውን ጠርዝ አትቁረጡ፤ ስካን ካደረጋችሁም ጀርባውን አብራችሁ አድርጉ፣ ዋናውንም አትጣሉ። ቀለም የተቀባውን ቅጂ ለልጆች አሳዩ፣ ያልተቀባውን አስቀምጡ። ስሙን፣ ቦታውን፣ ዓመቱን ከነአቆጣጠሩ ከጀርባው ጻፉ፤ ያላወቃችሁትን አልታወቀም በሉ እንጂ አትገምቱ። ስትጽፉ ለስለስ ባለ እርሳስ፣ ሳትጫኑ ጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ከጊዜ በኋላ ወደ ፊት ለፊቱ ይዘልቃል።